ቀዩን ኮምፒውተሩ አልቀባውም፤ እኔ ነኝ የቀባሁት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን እሱም እንደ እኔ መምህር ሆኗል። «ቲቸር እንዴት ነዎት? ያቺን ሮስተር ላይ ያለፈውን አረንጓዴ፣ የወደቀውን ቀይ የምታደርገዋን ኮድ ይላኩልኝ። እኛም ትምህርት ቤት ልንጠቀምባት አስበናል» ይላል።

ሦስት ቀን ዝም አልኩት። ኮዷ ጠፍታብኝ አይደለም። ከአስር መስመር አትበልጥም፣ በቃሌ አውቃታለሁ። ዝም ያልኩት ያቺ ኮድ ብቻዋን መሄድ ስለሌለባት ነው። አብሯት መሄድ ያለበት ታሪክ አለ። ለእሱ ብቻ ከምነግረው እዚህ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ፕሮግራመር አይደለሁም። የማውቀውን ማይክሮሶፍት አክሰስ የተማርኩት ከመጽሐፍና ከስህተት ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሮስተር የሚሠራው በእጅ ነበር። አንድ ሆምሩም ስልሳ ምናምን ተማሪ፣ አስር ምናምን ትምህርት፣ በካልኩሌተር ሲደምር ሦስት ሌሊት ያድራል። ደምሮ ሲጨርስ ደረጃ ያወጣል፣ ደረጃ ሲያወጣ አንድ ማርክ ተሳስቶ ያገኛል፣ እንደገና ይጀምራል። ይሄን ያየሁ ሰው ነኝና አንድ ክረምት ቁጭ ብዬ ዳታቤዝ ሠራሁ። የተማሪ ሰንጠረዥ፣ የማርክ ሰንጠረዥ፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ የሚታተም ሪፖርት። ሦስት ሌሊት ይወስድ የነበረው ሥራ ማርኩ ከገባ በኋላ በደቂቃ ያልቃል። መምህራኑ መረቁኝ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ መጣ። «ያለፈና የወደቀ በቀለም ይለይ። ወላጅ ሲመጣ በአንድ እይታ ይገባዋል» ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ምክንያቱም እንዴት እንደሚሠራ አውቅ ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። አክሰስ ሪፖርት ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ሌብል አስቀመጥኩ። ሌብል ማለት ጽሑፍ የያዘች ትንሽ ሳጥን ናት። አክሰስ ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚባል በራሱ ቀለም የሚለውጥ ነገር አለ፤ ግን የሚሠራው ለቴክስት ቦክስና ለኮምቦ ቦክስ ነው፣ ለሌብል አይሠራም። ሌብልን መቀባት ከፈለግህ በቪቢኤ ኮድ መጻፍ አለብህ። ኮዱ የሚቀመጠው «ዲቴይል» በሚባለው ክፍል «ኦን ፎርማት» ላይ ነው። ሪፖርቱ እያንዳንዱን ተማሪ ወደ ወረቀት ሊያወርድ ሲል ያቺ ኮድ ትጠራለች። እኔ የጻፍኩት ይሄን ነበር፦ አማካዩ ከ50 በታች ከሆነ ሌብሉን ቀይ አድርግ፤ 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ አድርግ። አለቀ።

ሞከርኩት። መጀመሪያ ቀለሙ አልታይ ብሎ አስቸገረኝ፣ የሌብሉ «ባክ ስታይል» ትራንስፓረንት ስለነበረ ነው። ወደ ኖርማል ቀየርኩት። በ«ሪፖርት ቪው» ሳየው ደግሞ አሁንም ምንም የለም። ለካስ ያ የፎርማት ኮድ የሚሠራው በ«ፕሪንት ፕሪቪው» እና ሲታተም ብቻ ነው። በፕሪቪው ከፈትኩት፣ ቀዩም አረንጓዴውም ቦግ አለ። ለሙከራ ያስገባኋቸው ስሞች ስድስት ነበሩ። ሦስቱ ዘጠና ቤት፣ ሦስቱ አርባ ቤት። ሁሉም በትክክል ተቀቡ። ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት።

እዚህ ላይ ምን እንደረሳሁ የገባችሁ ካላችሁ እናንተ ከእኔ ትሻላላችሁ። መካከለኛ ተማሪ ረሳሁ። 62፣ 71፣ 78 የሚያመጣ ልጅ ሙከራዬ ውስጥ አልነበረም። ክፍል ውስጥም ቢሆን እኮ ጎበዙንና የሚረብሸውን እንጂ መካከለኛውን ተማሪ በስሙ አናውቀውም። ኮዴም እንደ እኔ ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌብል በየተማሪው አዲስ አይፈጠርም። አንድ ሌብል ናት፣ ከላይ እስከ ታች እሷው ራሷ ትመላለሳለች። አንዴ ቀይ ካደረግሃት «ወደ ነጭ ተመለሺ» የሚላት እስኪመጣ ቀይ ናት። እኔ «ኢፍ» ጻፍኩ፣ «ኤልስ ኢፍ» ጻፍኩ፣ መጨረሻው ላይ «ኤልስ» የምትባለዋን አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ስለዚህ በ50 እና በ85 መካከል ያለ ተማሪ ሁሉ የራሱ ቀለም የለውም። ከእሱ በፊት በዝርዝሩ ላይ የነበረውን ልጅ ቀለም ይወርሳል። ዝርዝሩ ደግሞ የተደረደረው በስም ፊደል ተራ ነው። ከወደቀ ልጅ ቀጥሎ የተጻፈ ቀይ ወጣ፤ ከጎበዝ ልጅ ቀጥሎ የተጻፈ አረንጓዴ ወጣ።

የኛ ትምህርት ቤት ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ነው። ለሰሌዳው ግን ያምራል ተብሎ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም ታተመ። የወላጅ ቀን ዋዜማ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ማንም ቁጥሩን ከቀለሙ ጋር አላስተያየም። እኔም አላስተያየሁም፣ ኮምፒውተር የሠራው ነዋ!

የ10ኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት በሚመጣላት ስንቅ የምትማር። እንደዚህ የሚማሩ ልጆችን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አማካይዋ 78 ነበር። ከእሷ በላይ በስም ተራ የተጻፈው ልጅ 46። የወላጅ ቀን ታላቅ ወንድሟ መጣ። ፊደል ብዙም አልቆጠረም። በአቅራቢያው የነበረ ተማሪ ጠይቆ ስሟን በጣት አሳዩት። ከስሟ ጎን ቀይ አየ። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም፣ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

እኔ ጋ አልመጣም። ሆምሩሟም ጋ አልሄደም። አፍሮ መሰለኝ። ልጅቷን ይዟት ሄደ፣ ዕቃዋን አስጠቅልሎ።

እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው። አብራት የተከራየችው ጓደኛዋ መጥታ «ቲቸር፣ እሷ እኮ አልወደቀችም፣ ካርዷ ላይ 78 ይላል፣ ሰሌዳው ላይ ግን ቀይ ነች» አለችኝ። መጀመሪያ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ኮምፒውተሩ አይሳሳትም፣ ማርኳን በደንብ አይተሻል?» ነው ያልኳት። ይሄን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ስጽፈው እንኳን ያሳፍረኛል።

ማታ ኮዱን ከፈትኩት። ስህተቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ሮስተሩን ይዤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከአንዱ ክፍል ብቻ አስራ አንድ ልጅ ያላመጣውን ቀለም ተሸክሟል። ሰባቱ በስህተት ቀይ፣ አራቱ በስህተት አረንጓዴ። እነዚያ በስህተት አረንጓዴ የወጡት አራት ልጆች ማንም አልመጣም። ወላጆቻቸውም አልመጡም። አንደኛው 53 ነበረው፣ ቤተሰቡ ጎበዝ ነው ብሎ ደስ ብሎት ሄዷል። እሱም ተበድሏል እኮ፣ እገዛ ሊያገኝ ሲገባው ጭብጨባ አገኘ።

ልጅቷ በአስራ አንደኛው ቀን ተመለሰች። ሆምሩሟና እኔ መልእክት ልከን፣ ሰው ልከን፣ መጨረሻ ላይ ራሴ ሄጄ ወንድሟን ይቅርታ ጠይቄ ነው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ስለው ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «መምህር፣ እርስዎ እንኳን መጡ። ግን ሰው ሁሉ ባየው ላይ ለምን ለጠፉት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷን ደግሞ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በወረቀት ስዬ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «ቲቸር፣ ከእኔ በላይ ያለው ልጅ ባይወድቅ ኖሮ እኔ ነጭ እሆን ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ማለት ነው።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ይጀምራል።

ይሄን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር የማገኘው የመጀመሪያ መልስ «የኮድ ስህተት ነው፣ አስተካከልከው፣ አለቀ» የሚል ነው። አላለቀም። «ኤልስ» ጨምሬ ሌብሉ ወደ ነጭ እንዲመለስ ካደረግሁ በኋላ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ታሞ ያልተፈተነ ልጅ አማካዩ ባዶ ነው። ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም፣ አክሰስ «ነል» ይለዋል። ነልን «ከ50 ያንሳል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀው አዎም አይደለምም አይልም፣ ኮዱ ግን «አይደለም» እንዳለ ቆጥሮ ወደ ኤልስ ይወስደዋል። ስለዚህ ያልተፈተነው ልጅ ያለፈ መስሎ ይወጣል። አንዱ ባልደረባዬ «ባዶውን ወደ ዜሮ ቀይረው» አለኝ። ያን ብታደርግ ደግሞ ሆስፒታል የተኛው ልጅ ቀይ ይቀባል። ሁለቱም ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ አማካዩን ያለ ነጥብ ስለሚያሳይ 49.6 ያለው ልጅ ወረቀቱ ላይ 50 ይላል፣ ኮዱ ግን የሚያየው 49.6ን ነው። ቁጥሩ 50፣ ቀለሙ ቀይ! ወላጅ መጥቶ «ይሄ ምንድነው?» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ?

ልል የፈለግሁት ይሄን ነው። ቁጥር ሲሳሳት የሚያነብ ሰው ይይዘዋል። ቀለም ሲሳሳት ግን የሚይዘው የለም፣ ምክንያቱም ቀለም የሚቀባው ቁጥሩን ለማያነብ ሰው ነው። «ወላጅ በአንድ እይታ ይገባዋል» ብለን ነው የጀመርነው። ያ ወላጅ ስህተታችንን ማረጋገጥ የማይችለው ሰው ነው። ሊያጣራ ለማይችል ሰው የምትናገር ከሆነ፣ ሊያጣራ ለሚችል ሰው ከምትናገረው አሥር እጥፍ መጠንቀቅ አለብህ። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ።

ሁለተኛው መልስ «ቀይ ተማሪውን ያነቃዋል» የሚል ነው። እስቲ ስለዚያ 46 ስላመጣው ልጅ እናውራ። የእሱ ቀለም ስህተት አልነበረም፣ ኮዴ በትክክል ነው የቀባችው። ስለ ልጅቷ ስንሯሯጥ፣ ሰው ስንልክ፣ ይቅርታ ስንጠይቅ፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ መምጣት አቆመ። ቀለሙ ነው ያስቀረው ልላችሁ አልችልም። ግን ቀዩ እንዳላነቃው ልነግራችሁ እችላለሁ። በእሷ ላይ በስህተት የወደቀው ነገር እንዲያ ያመማት ከሆነ፣ በእሱ ላይ በትክክል ሲወድቅ አያመውም ያለው ማነው?

ሦስተኛው መልስ «መስመሩ 50 ነው፣ የታወቀ ነው» የሚል ነው። ይሁን። ግን ቀለም መስመሩን ግድግዳ ያደርገዋል። 49 እና 12 አንድ ቀይ ይሆናሉ። 50 እና 84 አንድ ነጭ ይሆናሉ። ደግሞ አስታውሱ፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያንን ውጤት በእኔ ኮድ ብታትሙት ከመቶ ተማሪ ወደ 97ቱ ቀይ ነው። እንደዚያ የቀላ ወረቀት ስለ ተማሪዎቹ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ እኛ፣ ስለ አስተማርናቸው ሰዎች? ቀለሙ ግን የተለጠፈው በማን ስም ጎን ነው?

አራተኛው፣ በጣም የሚያናድደኝ፣ «ሲስተሙ ነው» የሚለው ነው። ባንክ ሄዳችሁ «ሲስተሙ» ይሏችኋል፣ ቢሮ ሄዳችሁ «ሲስተሙ» ይሏችኋል። ወገኖቼ፣ ሲስተም የሚባል ሰው የለም። 50ን የመረጠ ሰው አለ፣ ቀይን የመረጠ ሰው አለ፣ ኤልስን የረሳ ሰው አለ፣ ወረቀቱን ሳያይ የለጠፈ ሰው አለ። እኛ ትምህርት ቤት ሦስቱ እኔ ነበርኩ። ለአክሰስ ቀይ ማለት 255 የሚል ቁጥር ነው፣ ነጭ ደግሞ 16777215። ማፈርና መኩራት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው እኛ ነን።

ቀለም አልጠላም። ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ግን የት? መምህሩ ራሱ በሚሠራበት ወረቀት ላይ። ያልገባ ማርክ ቢጫ እንዲሆን፣ ከመቶ በላይ የተጻፈ ማርክ ቀይ እንዲሆን፣ ካለፈው ሴሚስተር 20 ነጥብ የወረደ ልጅ እንዲታየኝ አደርጋለሁ። ያ ቀለም «አንተ መምህር፣ ሥራ አለህ» ይለኛል። የልጁን ስም አደባባይ ላይ አይቀባም።

ስለዚህ ለጠየቅከኝ የቀድሞ ተማሪዬ ኮዷን ዛሬ እልክልሃለሁ። ግን ከእነዚህ ጋር ነው፦

1. ኤልስ የሌለው ቀለም አትጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከኢፍ በፊት መጀመሪያ ሌብሉን ነጭ አድርገው፣ ከዚያ ጠይቅ።

2. ባዶ ማርክን ከሁሉም በፊት ለብቻው ለይ፣ በ«ኢዝነል»። ከጎኑ «አልተሟላም» ብለህ በቃል ጻፍ። ዜሮ አታድርገው፣ አሳልፈህም አትላከው።

3. ወረቀቱ የሚያሳየው ቁጥርና ኮዱ የሚያየው ቁጥር አንድ ይሁኑ። የምታጠጋጋ ከሆነ መጀመሪያ አጠጋጋ፣ ከዚያ አወዳድር።

4. ቀለም ብቻውን አይናገር፣ ቃል ይኑርበት። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀዩም አረንጓዴውም ግራጫ ነው። ደግሞ ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች ላይ ይበዛል። ክፍልህ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ራሱም ላያውቀው ይችላል።

5. ስትሞክረው መካከለኛ ተማሪ አስገባ። 49፣ 49.6፣ 50፣ 78፣ 84፣ 85፣ ባዶ። ቅደም ተከተሉንም አቀያይረህ እንደገና አትም። ልጁ ቦታ ሲቀይር ቀለሙ ከተቀየረ ኮድህ ውሸታም ነው።

6. ሌብሉን ትተህ ቴክስት ቦክስ ብትጠቀም ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ያያል፣ የቀደመውን ልጅ ቀለም አያወርስም። ኮድ መጻፍ ስለቻልክ ብቻ ኮድ አትጻፍ። ይሄ ለእኔም ነው።

7. ሰሌዳ ላይ አትለጥፍ። ውጤት የተማሪውና የወላጁ ነው፣ በካርድ፣ በእጅ ይሰጥ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣ አገር ውስጥ ነን። አዋጁ ባይኖር እንኳን የዚያ ወንድም ጥያቄ ይበቃል።

ሰባተኛውን የማትቀበል ከሆነ የቀሩትን ስድስቱንም አትቁጠራቸው፣ ኮዷንም አጥፋት። ተቆጥቼ አይደለም፣ እወድሃለሁ። አንተም እኮ 10ኛ ክፍል ሳለህ መካከለኛ ተማሪ ነበርክ። ያኔ በእጅ ነበር የምንሠራው፣ ስምህን የቀባው አልነበረም። ብትቀባ ኖሮ ዛሬ መምህር ሆነህ ይሄን ኮድ ትጠይቀኝ ነበር ወይ?

የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮች፣ ሪከርድ ክፍል የምትሠሩ፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው፣ ሮስተር ልታትሙ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ውሰዱ፣ እርሳስ ያዙ፣ ቁጥሩን ከቀለሙ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ያቺን ሩብ ሰዓት ቆጥቤ አንዲት ልጅ አስራ አንድ ቀን ትምህርት አጥታለች።